ሞዴል 19 የማያውቀው መጽሐፍ

እዚህ ሜሪላንድ በምሠራበት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሲጠፋ ማንም አይደነግጥም። ተበዳሪው ዋጋውን ይከፍላል፤ ካልከፈለ ካርዱ ይታገዳል፤ መዝገቡ ላይ «ጠፍቷል» ተብሎ ይጻፍና ሥራ ይቀጥላል። ቺካጎና ሳን ፍራንሲስኮማ በ2019 የመዘግየት ቅጣትን ከነጭራሹ አንሥተውታል፤ ቅጣቱ ድሃ አንባቢን ከማራቅ በቀር ያን ያህል አይጠቅምም ብለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ የአዋጅ ቁጥር ብቻ በእኛው ይመጣል።)

ደሴ ላደገ ሰው ይህ ተረት ይመስላል። በእኛ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቁት ጋሼ እያንዳንዱን መጽሐፍ በሞዴል 19፣ በንብረት መረከቢያው ቅጽ፣ ፈርመው ነው የተረከቡት። ቆጠራ ሲመጣ የጎደለው ከደመወዛቸው ነው የሚታሰበው። ስለዚህ ቦርሳ በር ላይ ይቀራል፤ መታወቂያ ይያዛል፤ መደርደሪያው ዘንድ ማንም አይደርስም፤ መጽሐፉ በመስኮት ይወጣል፣ በመስኮት ይመለሳል። አንዳንዱ መጽሐፍ ደግሞ «እንዳይበላሽ» ተብሎ ከነላስቲኩ ሳጥን ውስጥ ያረጃል። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የተመረቃችሁም ታውቁታላችሁ፤ የቤተ መጻሕፍት ክሊራንስ ያልተፈረመለት ዲግሪውን አይወስድም። እኚያን ሰው ንፉግ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። በደመወዛቸው ለተያዘ ንብረት ግን እኔም ብሆን መስኮቱን አጠብ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ደሴ ያለች የሙያ ጓደኛዬ በቴሌግራም «እናንተ ዘንድ በነፃ የምትጠቀሙበትን ነገር ላኪልኝ» ካለችኝ ወዲህ፣ በሥራዬ የምሞክራቸውን የኢንተርኔት መሣሪያዎች በእሷ ዓይን ማየት ስለጀመርኩ ነው። ለእሷ ዋናው ነገር አንድ ይመስለኛል፤ ዲጂታል ቅጂ ርክክብ የለውም። ሃምሳ ተማሪ ቢገለብጠው አይጎድልም፤ አይቀደድም፤ ማንም ከደመወዙ አይከፍልለትም። ለእኛ እዚህ ያሉት ነፃ መሣሪያዎች ምቾት ናቸው። እሷን ግን ከዘበኝነት ያወጧታል።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ሊቢ ነበር። ዝናው አገር ቤት ደርሷል፤ በስልክ ልብ ወለድ የሚያዋስ አፕ ነው። ለአንባቢው ነፃ ነው፤ ለእኛ ግን አይደለም። ትላልቆቹ አሳታሚዎች አንድን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ለቤተ መጻሕፍት የሚሸጡት ሰው በግሉ ከሚገዛበት እጅግ በሚበልጥ ዋጋ ነው፤ ብዙ ጊዜም ፈቃዱ በሁለት ዓመት ያልቅና እንደገና ይገዛል። አንድ ቅጂ ለአንድ ሰው ስለሆነ ወረፋም አለው። ከዚህ ሁሉ ወጪ በኋላ ደግሞ የአማርኛ መጽሐፍ ፈልጉበት፤ ብታገኙም በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ «ይቅርብሽ» አልኳት።

በተቃራኒው አገር ቤት ያለ፣ እኔ ዘንድ የሌለ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 የጀመረው ሂናሪ ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥላ ሥር ይሠራል፤ ኢትዮጵያም ያለክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ተርታ ናት። አንድ የጎንደር የሕክምና ተማሪ በተቋሙ የይለፍ ቃል ገብቶ የሚያነበውን ጽሑፍ፣ እዚህ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ስለ ሚስቱ ሕመም የሚጠይቀኝ ያገሬ ሰው ገንዘብ ካልከፈለ ላያገኘው ይችላል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕክምና መጽሔቶችን ሁሉ የመግዛት አቅም የለውማ! እኔ ወደ ፐብሜድ ሴንትራል እመራዋለሁ፤ እዚያ ያለው ሙሉ ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው። አገር ቤት ያላችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በተቋማችሁ የሂናሪ የይለፍ ቃል ማን እጅ እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቁ። አንድ ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት እንደሆነ አይግረማችሁ፤ የሞዴል 19 ልማድ የይለፍ ቃልም ላይ ይሠራል።

አሁን ወደ ራሴ ጣጣ ልግባ። እዚህ ያለ አበሻ አንባቢ መጥቶ «ፍቅር እስከ መቃብር አላችሁ?» ሲለኝ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ የለም ሊለው ይችላል። ምክንያቱም የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጽሐፍን ለረጅም ዘመን የመዘገቡት በላቲን ፊደል፣ ከላይና ከታች ነጥብና ጭረት እየጨመሩ፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሠንጠረዥ መሠረት ነው። ያንን አጻጻፍ ካታሎገር ካልሆነ በቀር ማንም አይገምተውም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩትን መዝገቦች አልወቅስም። ከዚያ በኋላ ለተሠሩት ግን ሰበብ ያጥረኛል።

በግዕዝ ፊደል ቢጻፍም ችግሩ አያልቅም። የፍቅር እስከ መቃብርን ደራሲ አንዱ «ዓለማየሁ» ይላል፣ ሌላው «አለማየሁ»፤ አንዱ «ሐዲስ»፣ አንዱ «ሀዲስ»፣ ቸኩሎ የመጣው ደግሞ «አዲስ»። ሰውየው አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን ብዙ ነው። እኔ የማደርገው በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ የግዕዙን ርዕስና ሰው በልማድ በላቲን የሚጽፍበትን መንገድ ሁሉ እንደ ተለዋጭ ርዕስ መጨመር ነው። አሰልቺ ነው። የምንጠቀምበት ሥርዓት የተገዛ ስለሆነ ከዚያ በላይ ልነካው አልችልም።

ጓደኛዬ እዚህ ላይ ትበልጠኛለች፤ ኮሃን መጠቀም ትችላለችና። ኮሃ በ1999 ኒውዚላንድ ውስጥ ለጥቂት ትናንሽ የገጠር ቤተ መጻሕፍት የተጀመረ፣ ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራ ነፃ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ነው። ካታሎግ፣ ውሰት፣ የአባላት መዝገብ፣ ሁሉም አለው። አንዳንድ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ይጠቀሙበታል። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የሚችል ሰው ከተገኘ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጥር ደንብ ሊጽፍለት ይችላል። አንዴ በደንብ ተሠርቶ ለሁሉም ቢታደል የስንቱን ራስ ምታት ያስቀር ነበር። ሶፍትዌር የምትጽፉ ያገሬ ልጆች ሲያትልም ሆናችሁ አዲስ አበባ፣ ይህን ሥራ ለእናንተ ትቻለሁ።

ዞቴሮንም ላስተዋውቅ። ከዚህ ብዙም በማይርቀው በቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2006 የተወለደ የዋቢ መዝጋቢ ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚለፋ ተማሪ ከማስተርስ በፊት ሊያውቀው ይገባል። አንድ ብልሃት ብቻ ያዙ። ዞቴሮ እንደ ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይቆርጣል፤ ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ ይገለብጠዋል። ከስሙ ሣጥን ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ጠቅ አድርጋችሁ ስሙን ወደ አንድ መስመር ለውጡት፤ አባት እናቱ እንዳወጡለት ይቀመጣል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም የኢትዮጵያን ደራሲ የሚመዘግበው በራሱ ስም ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ አማካሪያችሁ ቢከራከር ይህን ንገሩት።

ዲያቆናትና የታሪክ ተማሪዎች ሲመጡ የምከፍትላቸው ደግሞ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘውን የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት የኢንተርኔት የንባብ ክፍል ነው። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎች ስብስብ አለው፤ ብዙዎቹን ዕድሜ ልካቸውን መርምረው ካታሎግ ያደረጉት በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ስምና ኢሜይል አስመዝግቦ መግባት ነው፤ ክፍያ የለም። አንድ የወሎ ደብር የዕቃ ቤት ቁልፍ የሦስት ሰው ስምምነት በሚጠይቅበት አገር፣ ገጹን በስልክ እያሰፉ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም።

ይህ ሁሉ ግን ኔትወርክ ካለ ነው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሲቆይ ለጓደኛዬ የላክሁላት ዝርዝር ሁሉ ባዶ ወረቀት ሆነባት። ያኔ ነው ኪዊክስን አብረን የሞከርነው። ኪዊክስ ዊኪፒዲያን የመሳሰሉ ድረ ገጾችን በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ከነምስሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ይወስዳል፤ ምስሉ ቢቀር በብዙ ያንሳል። የአማርኛው ወደ 15,000 ጽሑፎች ብቻ ስላለው ተራ ስልክ ላይ ይገባል። ፋይሉ ደሴ የደረሰው ሰው ይዞት በሄደ ሃርድ ዲስክ ነው። አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ ከአንድ ዋይፋይ ማሰራጫ ጋር ሲያያዝ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ ያነበዋል። ካርድ አይበላም። ኮሊብሪ የሚባለውም በዚሁ መንገድ የካን አካዳሚን የሒሳብ ቪዲዮዎች ያስተናግዳል፤ እንግሊዝኛ መሆናቸው ለታችኛው ክፍል ልጆች ያስቸግራል እንጂ።

የስልኩ ነገር ቀላል አይደለም። ኮምፒውተር ክፍል አለን የሚሉ ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተሮቹን ራሳቸውን በሞዴል 19 ተረክበው፣ አቧራ መከላከያ አልብሰው፣ ክፍሉን ቆልፈውታል። የተማሪው ስልክ ግን የማንም ርክክብ ውስጥ የለም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ስልክ ይከለክላል! ጓደኛዬ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዳ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻ እንዲፈቀድ አደረገች። ከነገርኳችሁ መሣሪያ ሁሉ ይልቅ ይህቺን ፈቃድ አደንቃለሁ።

ለሕፃናት አፍሪካን ስቶሪቡክን እመክራለሁ፤ አማርኛን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ተረቶች አሉት፤ ማተምም ማባዛትም የተፈቀደ ነው። እኔ እዚህ ቅዳሜ ጠዋት በምናነብላቸው ልጆች ላይ ሞክሬዋለሁ፤ አማርኛቸው የተሰባበረ ልጆች ሥዕሉን እያዩ ይከተላሉ። የሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ላይብረሪያን የነበሩት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በዘመናቸው ይህን ቢያገኙ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። እዚያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢያጡ ራሳቸው በሁለት ቋንቋ አንድ ጻፉ፤ በኋላም አገር ቤት ተመልሰው አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይም መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አዞሩ።

ቴሌግራም ላይ ያለውን የመጽሐፍ ፒዲኤፍ ጎርፍ ሳልነካ ብጨርስ አንባቢዎቼ ይታዘቡኛል። እዚህም እዚያም ያለ አማርኛ አንባቢ ዛሬ መጽሐፍ የሚያገኘው ከዚያ ነው። አቋሜ ግልጽ ነው፤ በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ ሲበተን ላይብረሪያን አይተባበርም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ሀዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ2003 ስለሆነ ሥራቸው ገና ብዙ ዘመን የወራሾቻቸው ነው። በሌላ በኩል በ1938 በስደት ያረፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እና በ1947 ያረፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጻፉትን ማንም ስካን አድርጎ ቢያሰራጭ የሚከለክለው የለም። ፒዲኤፍ ለመበተን ጉልበት ያላችሁ እነዚህን አጥርታችሁ ስካን አድርጉ። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛን ከምስል ወደ ጽሑፍ ይቀይራል፤ ይሳሳታል፣ ግን በቃል መፈለግ ያስችላል።

እዚህ ላላችሁ የማኅበር ሰዎች የምለው አለኝ። በየዓመቱ የአሜሪካ ትምህርት ቤት የጣለውን መጽሐፍ በኮንቴይነር ሰብስበን እንልካለን። የሌላ አገር ሥርዓተ ትምህርት፣ ዘመኑ ያለፈ ኢንሳይክሎፒዲያ። እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ሞዴል 19 ይቆረጥለትና ይቆለፍበታል። የመርከቡ ጭነት ዋጋ ስንት ሃርድ ዲስክና ስንት ዋይፋይ ማሰራጫ እንደሚገዛ ደረሰኙን አውጥታችሁ አስሉት።

በዚህ ክረምት አገር ቤት የምትሄዱ፣ ሻንጣችሁ ውስጥ ኪዊክስ የተጫነበት አንድ ዲስክ ያዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ለምትወስዱላት ላይብረሪያን ደውሉ፤ ስንተኛ ክፍል እንደምታስተናግድ፣ መብራት በቀን ስንት ሰዓት እንዳለ፣ የሚሠራ ላፕቶፕ እንዳላት ጠይቋት። ዲስኩንም ስትሰጧት በስጦታ ለእሷ ስጧት እንጂ ለንብረት ክፍል አታስረክቡ።