የአድሚኑ ዕዳ

ባለፈው ክረምት አንድ ሥጋ ነጋዴ በሬን አንኳኳ። በእጁ በከለር የታተመ ወረቀት ይዟል፤ የሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ስክሪንሹት ነው። «የሞተ ከብት ይሸጣል» የሚለው መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። የጻፈው ሰው ስሙ «ንስር» ነው፤ ፎቶውም የንስር። «ጋሼ፣ እኔ ንስሩን የት አገኘዋለሁ? የማውቀው እርስዎን ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። አድሚኑ እኔ ነኝ፤ ስሜም ፎቶዬም የራሴ ነው፤ ቤቴንም ያውቀዋል።

*

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህ ነገር ገብቶት ነበር። ስሙ በጋዜጣ የጠፋ ሰው አዘጋጁን፣ በበራሪ ወረቀት ከሆነ አታሚውን፣ በመጽሐፍ ከሆነ አሳታሚውን ይዞ እንዲጠይቅ አድርጓል። ጸሐፊ ይሸሻል። ማተሚያ ማሽን ተሸክሞ የሚሮጥ ግን የለም።

*

የ2008ቱ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ፣ ቁጥር 958፣ «አገልግሎት ሰጪ» ስለሚለው ወገን ይናገራል። ይህ ወገን ሌላ ሰው ላሰራጨው ሕገ ወጥ ነገር የሚጠየቀው በማሰራጨቱ ወይም በማረሙ እጁ ካለበት፣ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ካላነሣው፣ ወይም የሚመለከተው አካል አሳውቆት ዝም ካለ ነው። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣው የ2012ቱ አዋጅ 1185 ደግሞ ለማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ለማንሣት 24 ሰዓት ሰጥቷል። አድሚን የሚል ቃል በሁለቱም ውስጥ የለም። ታዲያ እኔ አገልግሎት ሰጪ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ጎረቤቴ ጠበቃ ነውና ጠየቅሁት። «ያከራክራል» አለኝ። ጠበቆች ይህችን ቃል ሲወዷት!

*

ላይክና ታግ ማድረግ በአዋጅ 1185 እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም። አውራ ጣቱን ቀስሮ ዝም የሚል ሰው በሰላም ያድራል።

*

«እንደወረደ» የምትለዋን ቃል ፎርዋርድ የሚያደርግ ሁሉ ከላይ ይለጥፋታል፤ ከክስ የምታድን ክታብ ትመስለዋለች። አዋጁ ግን የሚይዘው ውሸት መሆኑን እያወቀ ሁከት ሊያስነሣ የሚችል ወሬ የሚያሰራጨውን ብቻ አይደለም፤ ማወቅ ይገባው የነበረውንም ነው። «እንደወረደ» ማለት «አላጣራሁም» ብሎ መፈረም ነው። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስር ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ ሦስት ዓመት ይደርሳል። ተከታይ እንዲበዛለት የሚለማመጥ ሁሉ ይህችን አንቀጽ አንድ ጊዜ ቢያያት ደግ ነበር።

*

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ስሙ ያልታወቀ ሰው ፕሮዲጂ በተባለው ኩባንያ የመወያያ ሰሌዳ ላይ ስትራተን ኦክሞንት የሚባለውን የአክሲዮን ደላላ ድርጅት አጭበርባሪ ብሎ ጻፈበት። ድርጅቱ ፕሮዲጂን ከሰሰ፤ የጠየቀው ካሳ 200 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1991፣ ኮምፒዩሰርቭ የተባለው ተፎካካሪ ተመሳሳይ ክስ ቀርቦበት ነፃ ወጥቶ ነበር፤ የሚለጠፈውን አስቀድሞ አያይማ። ፕሮዲጂ ግን ስድብ የሚያጣራ ፕሮግራምና ሰሌዳውን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩት። በዚህ የተነሣ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት በ1995 እንደ አሳታሚ ቆጠረው። ቤቱን የጠረገ ተያዘ፣ ያልጠረገ ዳነ። ኮንግረሱ ይህን ለማረም በ1996 ክፍል 230 የሚባለውን ሕግ አወጣ፤ መድረኩ ሌላ ሰው ለጻፈው እንደ ተናጋሪ አይቆጠርም፣ በቅን ልቡና ቢያጸዳም አይጠየቅም። በኋላ፣ በ1999፣ የስትራተን ኦክሞንት መሥራች ጆርዳን ቤልፎርት ማጭበርበሩን ፍርድ ቤት ቀርቦ አመነ። ያ ስሙ ያልታወቀ ሰው አልዋሸም ነበር።

*

በኤስቶኒያ ዴልፊ የተባለው የዜና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ አንድ የመርከብ ኩባንያ ላወጣው ዜና 185 አስተያየት መጣለት፤ ወደ 20 የሚሆነው ስድብና ዛቻ ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተበዳዩ ሲያመለክት የዚያኑ ዕለት አነሣው። አላዳነውም፤ 320 ዩሮ ተፈረደበት። ስትራስቡርግ ያለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2015 ፍርዱ መብት አልጣሰም አለ። ለ320 ዩሮ ዘጠኝ ዓመት!

*

ዱባይ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ያለችበት ግሩፕ ከላይ ፒን የተደረገች አንዲት መስመር አላት፦ «ማዳምሽን በስም አትጥሪ»። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. የ2021 ሕግ በኢንተርኔት ሰው የሰደበን በእስራት ወይም ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም ይቀጣል። በወር 1,000 ድርሃም ለምታገኝ ልጅ ዝቅተኛው ብቻ የሃያ ዓመት ከአሥር ወር ደመወዝ ነው። ያቺን መስመር የጻፈችው አድሚን ብዙ ሕግ አዋቂ ታስንቃለች።

*

የዕድራችን ዳኛ ስብሰባ ላይ የተሳደበን አባል እዚያው ስሙን ጠርተው ይቀጡታል፤ ገንዘቡን ለገንዘብ ያዡ ከፍሎ ይቀመጣል። ንስርን በምን ስም ልጥራው?

*

ጽሑፉን ያኔውኑ አጠፋሁት፤ ንስርንም አስወጣሁት። ሥጋ ነጋዴው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ አልሰጠኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእሱው እገዛለሁ፤ ሥጋው ደህና ነው።

አድሚንነቱን እንዲረከቡኝ ሁለት ሰው ለምኛለሁ። ቀድሞ እምቢ ያለው ጠበቃው ነው።