ቅባት ከመግዛታችን በፊት ቆዳችንን እንወቅ

ደመወዝ በደረሰ ማግስት የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና አስቤዛው ድርሻ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለእናት የሚተርፋት ገንዘብ ምን ያህል እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያችው ላይ ቆንጥራ የፊት ቅባት ልግዛ ብላ ሱቅ ስትገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጠብቃታል። በአንድ መደርደሪያ ላይ ቫዝሊኑ፣ ግሊሰሪኑ፣ ኒቪያው፣ ሴታፊሉና ሴራቪው ተሰልፈዋል። የአንዱ ዋጋ የሌላውን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ሻጩም «ለአንቺ የሚሻልሽ ውዱ ነው» ይላታል። ለመሆኑ እውነት ውዱ ይሻላል? ወይስ ርካሹ ይበቃል?

የእኔ መልስ አጭር ነው። የቆዳዋን ጠባይ የማታውቅ ሴት ውዱንም ገዛች ርካሹን፣ ገንዘቧን ለዕድል እንደ ሰጠች ይቆጠራል። የቆዳዋን ጠባይ የምታውቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ በርካሹ ትጠቀማለች። ይህንንም የምናገረው በንባብ ያገኘሁትን ብቻ ይዤ ሳይሆን፣ ባለፈው በጋ በአንድ እሑድ ቀን በዓይኔ ያየሁትን ጨምሬ ነው።

በዚያ እሑድ አራት ሆነን ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሄድን። ማዕከሉ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሰፋ ተራራማ ቦታ ነው። ጽዱ፣ ኮሶው፣ ወይራውና የቆየው ባሕር ዛፍ ባለበት በዚያ ዳገት ላይ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ማየት ለድካም መድኃኒት ነው። አብረውኝ የነበሩት ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን እትዬ፣ የስምንት ወር ልጇን ለእናቷ ትታ የመጣች የሥራ ባልደረባዬና የ17 ዓመት የእህቴ ልጅ ነበሩ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በእግር ከወጣን በኋላ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ያን ጊዜ እርስ በርሳችን ብንተያይ ፀሐዩ አንድ፣ ነፋሱ አንድ፣ መንገዱም አንድ ሆኖ ሳለ ፊታችን ግን አራት ዓይነት ሆኗል። የእትዬ ፊት ተወጥሮ በከንፈራቸው ዙሪያ ነጭ ቅርፊት አውጥቷል። የእህቴ ልጅ ግንባሯም ጉንጯም ዘይት የተቀባ ይመስል ያበራል፤ ብጉሯም ቀልቷል። የባልደረባዬ ግንባርና አፍንጫ ወዝቶ ጉንጮቿ ግን ደርቀዋል፤ ከእርግዝናዋ ወዲህ የወጣባት ማዲያትም ከጠዋቱ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። የእኔ ደግሞ ከድሮም ሽቶ ያለበትን ነገር ሁሉ የማይወድና ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ስለ ሆነ፣ አንገቴ አካባቢ ቀልቶ ያሳክከኝ ጀመር።

የሚያስገርመው ነገር ቦርሳ ሲከፈት የታየው ነው። ከአራታችን ሦስቱ የያዙት አንድና ያው ክሬም ነበር! አንዲት የመሥሪያ ቤታችን ሴት ከዱባይ አስመጥታ በዱቤ ያከፋፈለችው ሲሆን ባልደረባዬ ለራሷ ከወሰደች በኋላ ለእትዬም ለእህቴም ልጅ አምጥታላቸዋለች። ለደረቁም፣ ለወዛሙም፣ ለድብልቁም አንድ ቅባት ማለት ነው። ይህም የአራት ሰው እግር ሳይለኩ ባለ 38 ቁጥር ጫማ ለሁሉም እንደ መግዛት ነው።

እንግዲህ የቆዳን ጠባይ እንዴት እናውቃለን? ለዚህ ተራራ መውጣት አያስፈልግም፤ በቤት ውስጥ ያለ ምንም ወጪ የሚደረግ መፈተኛ አለ። ጠዋት ፊትን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ፣ በፎጣ ሳይፈትጉ አድርቆ፣ ምንም ሳይቀቡ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት ነው። ከዚያም በመስተዋት መመልከትና ስስ ሶፍት ግንባር፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ ጫን አድርጎ ማንሣት። ፊት ተወጥሮ ከያዘና ሶፍቱ ንጹሕ ከሆነ ቆዳው ደረቅ ነው። ሶፍቱ በሁሉም ቦታ ከወዛ ወዛም ነው። በግንባርና በአፍንጫ ወዝቶ በጉንጭ ካልወዛ ድብልቅ ይባላል። ካቃጠለ፣ ከቀላ ወይም ካሳከከ በቀላሉ የሚቆጣ ነው። ቆዳ በዕድሜ፣ በእርግዝናና በወቅት ስለሚለወጥ ፈተናውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በበጋ አንዴ በክረምት መድገም መልካም ነው።

ደረቅ ቆዳ ላላት ሴት ደስ የሚል ዜና አለ፤ የሚስማማት ቅባት ከርካሾቹ አንዱ ነው። ሮበርት ቼዝብሮ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1872 ያስመዘገበው ቫዝሊን ዛሬም ቢሆን የቆዳን ውሃ እንዳይተን በመያዝ ረገድ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ቫዝሊን ውሃን ይይዛል እንጂ ውሃ አይሰጥም። ስለዚህ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው እርጥበት እያለው መቀባት ይገባል። ግሊሰሪንም እንዲሁ ነው። በደረቅ አየር ውስጥ በደረቅ ቆዳ ላይ እንዳለ ከተቀቡት ውሃውን ከራሱ ከቆዳው ይስባል። በጥቂት ውሃ አቅጥኖ በእርጥብ ቆዳ ላይ መቀባት ግን ጥቅሙን ያስገኛል። የእትዬ ችግር ቅባት ማጣት አልነበረም፤ ፊታቸውን በልብስ ሳሙና መታጠባቸው ነው። ተራ ሳሙና አልካሊነቱ የበዛ ሲሆን ጤናማ ቆዳ ደግሞ ወደ አሲድነት ያደላ ነው። እንዲህ ያለው ሳሙና የቆዳን የራሱን ቅባት ጠርጎ ከወሰደው በኋላ በውድ ክሬም ልተካው ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ወዛም ቆዳ ያላት ደግሞ «ፊቴ ቅባት አለው» ብላ በቀን አምስት ጊዜ በሳሙና ባትፈትገው ይሻላታል። በቀን ሁለት ጊዜ መታጠብ ይበቃል። እንደ ቫዝሊንና ቅቤ ያለ ወፍራም ቅባት ለእርሷ ፊት አይሆንም፤ ቀጭን ሎሽን ወይም ጄል ይስማማታል። በእሽጉ ላይ «ኖን ኮሜዶጀኒክ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር የቆዳን ቀዳዳ እንዳይደፍን ታስቦ የተሠራ ነው ማለት ነው። ድብልቅ ቆዳ ያላት ሴት ሁለት ዓይነት ክሬም መግዛት አያሻትም፤ ያንኑ ቀጭን ሎሽን በጉንጯ ላይ ደገም፣ በግንባሯ ላይ ሳሳ አድርጋ ትቀባዋለች። ቆዳዋ ቶሎ የሚቆጣ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማ ሽቶ የሌለበትን ትፈልግ። አዲስ ቅባት በገዛች ጊዜም በክርኗ መታጠፊያ ላይ ለጥቂት ቀናት ሳትሞክረው ፊቷን አታስነካው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። መጀመሪያ ብልቃጡን ሳይሆን ሚሊ ሊትሩን እንመልከት። ለምሳሌ 50 ሚሊ ሊትር የያዘው 900 ብር፣ 250 ሚሊ ሊትር የያዘው 1,500 ብር ቢሸጥ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር የፊተኛው 18 ብር፣ የኋለኛው 6 ብር ሆነ ማለት ነው። ርካሽ የመሰለው ሦስት እጥፍ ውድ ሆኖ ተገኘ! ሁለተኛ፣ በእሽጉ ጀርባ የተጻፈውን ዝርዝር እናንብብ። በብዛት የገባው ነገር በመጀመሪያ ይጻፋል። ሁለቱም ዝርዝሮች በውሃ፣ በግሊሰሪንና በፔትሮላተም የሚጀምሩ ከሆነ የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው የስም፣ የሽቶና የብልቃጥ ነው። ሦስተኛ፣ ታጥቦ ለሚሄድ ነገር ብዙ ገንዘብ አናውጣ። የፊት መታጠቢያው ለአንድ ደቂቃ ቆይቶ ወደ ፍሳሽ የሚወርድ ነው። ገንዘብ ካለን ቀኑን ሙሉ በፊታችን ላይ ለሚቆየው እናውለው።

በፊት ላይ ከሚቆየው ሁሉ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው የሚበልጠው የፀሐይ መከላከያ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የጉለሌው ዳገትም ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ፀሐይ የማይጎዳን ይመስለናል። ነገር ግን በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳ የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር የዓለም የጤና ድርጅት ይናገራል። የባልደረባዬ ማዲያት በዚያ ቀን መጉላቱ የሚያስገርም አልነበረም። ማዲያት ያለባት ሴት ምንም ዓይነት ክሬም ብትገዛ ፊቷን ከፀሐይ ካልከለለች ድካሟ መና ነው። ኤስ ፒ ኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ቢቻል ቀለም ያለው መከላከያ ይመከራል። ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ በዓይን የሚታየውንም ብርሃን ስለሚከላከል ለማዲያት ይበልጥ ይረዳል። መግዛት ያልቻለች ደግሞ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ ወይም ነጠላ አላት፤ እነዚህ አንዴ ተገዝተው ዓመታት ያገለግላሉ።

እትዬ ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው «ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ እጽ በተተከለበት ቦታ ተቀምጣችሁ ስለ ፋብሪካ ቅባት ታወራላችሁ? እሬት አለ፣ እንዶድ አለ፣ ሎሚ አለ!» አሉን። ነገሩ በከፊል እውነት ነው። እንዶድ እናቶቻችን ነጭ ልብስ ያጠቡበት ሳሙና ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ተመልክተው ለዓለም አሳውቀውበታል። ነገር ግን ቀንድ አውጣ የሚገድል ብርቱ እጽ ለፊት ቆዳና ለዓይን ለስላሳ ይሆናል ማለት አይደለም። የእሬት ቅጠል ውስጡ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ቆዳን ሲያበርድ፣ ከልጡ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ግን ያስቆጣል። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ቆዳን አቃጥሎ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። እጽም እንደ ክሬሙ ሁሉ የቆዳን ጠባይ አውቆ የሚጠቀሙበት ነው።

በዚያ ቀን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ገና አልነገርኳችሁም። የእህቴ ልጅ ከዱባዩ ክሬም ሌላ በቦርሳዋ ጥግ አንዲት ትንሽ ቱቦ ነበረቻት። «ይህስ ምንድን ነው ልጄ?» ብላት አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «ለብጉር ነው፤ ሰፈር ካለ ሱቅ ነው የገዛሁት። ፊትም ያቀላል ብለውኛል» አለችኝ። ሦስት ወር ተቀብታዋለች። ዋጋው ከሁሉም ርካሽ ነበር። በጎኑ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ባነብ «ክሎቤታሶል» ይላል።

እህቶቼ፣ ክሎቤታሶል ሐኪም ለብርቱ የቆዳ በሽታ ለአጭር ጊዜ የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ላይ ፊትን ስለሚያጠራ ልብ ያታልላል። ውሎ አድሮ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ብጉሩንም ያብሳል። ለረጅም ጊዜ ተቀብተውት በድንገት ሲተዉት ፊት ስለሚነድ ማቋረጡም በሐኪም ምክር ቢሆን ይመረጣል። በማግስቱ ከእናቷ ጋር ሆነን ወደ ቆዳ ሐኪም ወሰድናት። ለጥቂት ሳምንታት ፊቷ ብሶባት አለቀሰች፤ ትምህርት ቤት አልሄድም ያለችበትም ቀን ነበር። በሐኪሙ ትእዛዝ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተባለውን የብጉር ቅባት በጥቂቱ እየተቀባች፣ በለስላሳ ሳሙና እየታጠበች ቀስ በቀስ ተሻላት።

ከዚህም የከፋ አለ። አንዳንድ የማቅያ ክሬሞች ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ በማኅፀን ላለው ፅንስና ለሚጠባውም ሕፃን ይተላለፋል። ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም እንዲህ ያሉ ክሬሞች ከገበያ እንዲወጡ ወስኗል። ስለዚህ አምራቹ፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የውስጡም ዝርዝር ያልተጻፈበትን ቅባት በነፃ ቢሰጡን እንኳ አንቀበል። ሜርኩሪ፣ ካሎሜል፣ ሃይድሮኪኖን፣ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶን የሚሉትን ስሞች በእሽግ ላይ ካየን ያለ ሐኪም አንንካ። ነፍሰ ጡር እናት ሬቲኖል ያለበትንም ትተው። የቆዳ ችግር የጠናባት ደግሞ የቆዳ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ትሂድ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ዛሬ በከተማችን የቆዳ ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ነው።

በጠቅላላው የፊታችን በጀት ተራው እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። በመጀመሪያ ለስላሳ ሳሙና፤ ቀጥሎ ለቆዳችን ጠባይ የሚስማማ አንድ ማለስለሻ፤ ከዚያም ከፀሐይ መከለያ። ከእነዚህ ሦስቱ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ለሌላው ማሰብ ይቻላል፤ ካልተረፈም የጎደለብን ነገር የለም። ሴቶች ልጆች ያሉን እናቶች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለብን። ቆዳቸው በተፈጥሮው መልክ ያማረ እንደ ሆነ ሻጩ ሌላ ነገር ሳይነግራቸው አስቀድመን እንንገራቸው፤ ቦርሳቸውንም በቁጣ ሳይሆን በፍቅር ጠይቀን እንይላቸው።