ልጁ ያልተጠየቀበት ስለት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለንባብ ጊዜ አገኘሁ። በነርስነት ስሠራ በነበረበት ዘመን የማነበው የሕሙማንን ካርድና የመድኃኒት ትዕዛዝ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አሁን ሰበታ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ የጠዋት ፀሐይ እየሞቅኩ፣ መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ። ዘንድሮ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሦስቱ አንድ የቆየ ነገር ቀሰቀሱብኝ። ለወላጆችና ለአያቶች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ላካፍላችሁ ወደድኩ።

የመጀመሪያው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን ልብ ወለድ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔም መጀመሪያ የተዋወቅኩት ወጣት ሳለሁ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። ያኔ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አለቀስኩ፤ በፊታውራሪ መሸሻ ተናደድኩ፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የበዛብህን እናትና አባት ግን ልብም አላልኳቸው።

ዘንድሮ ስመለስበት ዓይኔ ያረፈው በእናቱ በውድነሽ በጣሙ ላይ ነው። ልጇ እንዳይሞትባት ፈርታ፣ ቢያድግላት ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ተሳለች። ልጁ አደገ። ሰው የሚወድበት ጊዜ ሲመጣ ግን ያ ስለት መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀው። የተሳለችው እናቱ፣ ዕዳው የወደቀው ልጁ ላይ።

በውድነሽ አልፈርድባትም። በሕፃናት ክፍል የሌሊት ተረኛ ሆኜ ስንቷን እናት አይቻለሁ! ኦክሲጅን የተደረገለትን ልጇን እግር ይዛ ለቁልቢ ገብርኤል የምትሳል፣ አጠገቧ ደግሞ ሌላዋ እናት መቁጠሪያዋን ይዛ ዱዓ የምታደርግ። ፍርሃት ያላስገባን ቃል የለም።

እኔም ተስያለሁ። ልጄ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሳንባ ምች ይዞት ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ ሙያዬ ሁሉ ጠፍቶብኝ አልጋው ሥር ተንበረከክኩ። «ይህን ልጅ አትርፍልኝ እንጂ ሐኪም ሆኖ የሰው ልጅ ያድናል» አልኩ። ስለቴ ሰመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሙ «ዶክተር» ሆነ። ጎረቤቱም ዘመዱም እንዲያ ጠራው። አንድም ቀን ግን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብዬ አልጠየቅኩትም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ጀመረ። በሦስተኛው ዓመት ሻንጣውን ይዞ መጣና «እማዬ፣ ፈተናው አልከበደኝም፤ ሕይወቱ ግን የእኔ አይመስለኝም» አለኝ። እኔም ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝን ቃል ተናገርኩት፦ «ከእግዚአብሔር ጋር አጣላኸኝ!» ሱሉልታ ሄዶ ሁለት ላም ይዞ ወተት መሸጥ ጀመረ፤ ትዳርም እዚያው ያዘ። ከበዓል በበዓል ካልሆነ መጠያየቅ ቀረ። ሰው «ዶክተርስ?» ሲለኝ ወሬ እቀይር ነበር።

ሁለተኛው መጽሐፍ የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» ነው፤ በንጉሡ ዘመን የታገደው። በዚህ ታሪክ ገና ማኅፀን ውስጥ ያለ ልጅ አልወለድም ብሎ ይሟገታል። ደራሲው የነበሩበትን ሥርዓት ለመተቸት እንደ ጻፉት ግልጽ ነው። እኔ ግን ያነበብኩት በአዋላጅ ዓይን ነው። ስንቱን ሕፃን በእጄ ተቀብያለሁ! ካለቀሰ «እሰይ» እንላለን፤ ካላለቀሰ እግሩን መታ መታ እናደርጋለን። ስለ ወደፊቱ ሁሉም ያወራል፦ አባት፣ አያት፣ ጎረቤት። ልጁም የሚለው ነገር ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ የለም። አቤ ጉበኛ አፍ ሰጡት።

ሦስተኛውን ያዋሰችኝ ቡራዩ የምትኖር የቀድሞ ባልደረባዬ ናት። አዲስ አበባ የተወለደው ሐኪም አብርሃም ቨርጊዝ በእንግሊዝኛ የጻፈው «ከቲንግ ፎር ስቶን» ነው። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ ወራት ፈጀብኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሚሽን ሆስፒታል ስለተወለዱ መንትዮች ይተርካል። እናታቸው በወሊድ ትሞታለች፤ ቀዶ ሐኪም የሆነው አባታቸው ጥሏቸው ይሄዳል። ሄማና ጎሽ የተባሉ ሐኪሞች ያሳድጓቸዋል። ማሪዮን ሕክምና ተምሮ ቀዶ ሐኪም ይሆናል። ሺቫ ግን የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ከሄማ ሥር ሆኖ የፌስቱላ ሕክምናን ይካናል። በአንድ ማኅፀን ያደሩ መንትዮች እንኳ መንገዳቸው ከተለያየ፣ የእናትና የልጅ መንገድ እንዴት አንድ ይሆናል ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

በማግስቱ ከሰበታ ወደ አየር ጤና፣ ከዚያ ከተማውን አቋርጬ በአዲሱ ገበያ በኩል ሱሉልታ ሄድኩ። ሳልደውል ነው የሄድኩት። ልጄን በረት ውስጥ አገኘሁት። ቦት ጫማ አድርጎ፣ የታመመች ጥጃ በጡጦ እያጠጣ ነበር። ትንፋሿን ለመስማት ጆሮውን ጎኗ ላይ ሲያደርግ ዝም ብዬ አየሁት።

ቤት ገብተን ትኩስ ወተት ሰጠኝ። «ልጄ፣ ስለቱ የእኔ ነበር፤ ዕዳው ያንተ አይደለም። ይቅር በለኝ» አልኩት። አቀርቅሮ ቆየ። ከዚያ «እማዬ፣ ወተቱ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» አለኝ። ሌላ አልተነጋገርንም። ዓመታት የሻከረ ነገር በአንድ ብርጭቆ ወተት አይለሰልስም፤ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ ሰበታ መጣ።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጃችሁ መጸለያችሁንና መመኘታችሁን አትተዉ። ስትሳሉ ግን ከራሳችሁ ጉልበትና ኪስ ተሳሉ እንጂ ከልጁ ዕድሜ አትክፈሉ።

ምክሩ ለእኔም ቀላል አይደለም። ባለፈው ሳምንት አምስት ዓመት የሆናት የልጅ ልጄ የድሮ ማዳመጫዬን ከመሳቢያ አውጥታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። «የኔ ዶክ…» ብዬ ቃሉን ዋጥኩት።

«የማንን ልብ ታዳምጫለሽ?» አልኳት።

«የጥጃዋን» አለችኝ።