ሁሉም በላተኛ ነበረው

አሶሳ ውስጥ የቀርከሃ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ከምስጥ ጋር በሽርክና ነበር የሚኖረው። ግድግዳው ቀርከሃ፣ አጥሩ ቀርከሃ፣ አልጋው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር ነው፤ ምስጡ ከሥር ሆኖ ድርሻውን ይወስዳል። አባቴ አጥሩን ባደሰ ቁጥር ይራገም ነበር። ደህና የመሰለውን እንጨት በእግሩ ገፋ ሲያደርገው ውስጡ አፈር ሆኖ ይፈሳል። ለእኛ ለልጆቹ ግን በግድግዳው ላይ የወጣውን የአፈር መስመር በጣት ሰብሮ ነጫጮቹ ሲተራመሱ ማየት ትልቅ ጨዋታ ነበር።

ወላጆቼ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። ያኔ አሶሳ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። መንደሮቻችን የሚጠሩት በቁጥር ነው፤ አምባ ይባልና ቁጥሩ ይከተላል። ለደገኛ ሰው አገሩ ሁሉ ግራ ነበር፤ ወባው፣ በሬ የሚጨርሰው ገንዲ፣ ከሰው ቁመት የሚያልፈው ሣር። አገሩን ያስለመዱን የበርታ ጎረቤቶቻችን ናቸው። «ሀቦባ» የምንላቸው አንዲት አሮጊት፣ አማርኛቸው ከአረብኛ እየተቀላቀለ፣ ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ የሚለው የቀርከሃ ቡቃያ እንዴት እንደሚላጥና እንደሚቀቀል ለእናቴ አሳዩአት። «ደግሞ እንጨት ሊያበሉኝ ነው?» ብላቸው ነበር አሉ። ዓመት ሳይሞላ ግን ከማሽላ ገንፎው፣ ከደረቀው ባሚያና ከቡቃያው ጋር ተስማምታ አረፈች።

የእንጉዳዩ ነገር ለብቻው ነው። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ኩይሳውን ካራሱት በኋላ፣ አንድ ቀን ጠዋት ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ይገኛል። ሥሩ ረጅም ስለሆነ በቀስታ ካልሳቡት ይበጠሳል። ሀቦባ ሁለት ሕግ ነበራቸው፦ ከኩይሳ ያልወጣውን አትንኩ፣ ኩይሳውንም አትቆፍሩ፤ ከርሞም ከዚያው ይወጣል። ምክንያቱን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እነዚህ ምስጦች እንጨቱን አኝከው ወደ ጉድጓዳቸው ያወርዱትና በላዩ ላይ ሻጋታ ያበቅላሉ። ሻጋታው ለእነሱ የጠነከረውን እንጨት ሰባብሮ ያለሰልስላቸዋል፤ ከዚያ እሱንም እንጨቱንም ይበላሉ። ሰው ማረስ ከመጀመሩ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የጀመሩት እርሻ ነው። ዝናብ ሲመጣ ያው ሻጋታ ወደ ላይ እንጉዳይ ያወጣል። አባቴ የተራገመበት አጥር፣ እንግዲህ፣ ዞሮ ወጥ ሆኖ ይቀርብለት ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግረው ሳቀ፣ ጨለፈና በላ፤ ምስጥን መራገሙን ግን አልተወም።

በዚያው ሰሞን ክንፍ ያወጣው ምስጥ እንደ ጭስ ከምድር ይነሣል። ዶሮዎቻችን ጉሮሯቸው እስኪያብጥ ይለቅማሉ፤ ጭልፊቱ በአየር ላይ ይቀልበዋል፤ ጅግራው በመንጋ ይወርዳል። ሌሊት ደግሞ አዋልደጌሳ ኩይሳውን ይቆፍራል። እሱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ጉድጓዱን ግን አውቀዋለሁ፤ እሱ ጥሎት ሲሄድ ከርከሮ ይገባበታል።

ቁሻሻ መጣያ የሚባል ቦታ አልነበረንም። የተሰበረ ቅል፣ ያረጀ የቀርከሃ ቅርጫት፣ የማንጎ ልጣጭ፣ የተቀደደ ሰሌን ከጓሮ ይወረወራል፤ ለከብት ካልሆነ ለምስጥ፣ ለምስጥ ካልሆነ ለምድር ትል ይሆናል። አጥንት የጅብ ድርሻ ነው። ጅብን ስንሰድበው እንኖራለን እንጂ ሥራው ቀላል አይደለም፤ መቀሌ ላይ የተደረገ ጥናት የከተማዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚያህል ጥንብ እንደሚያነሡ ገምቷል። እኛ ራሳችንም ሜዳ ነበር የምንወጣው፤ ጢንዚዛ እያንከባለለ ይቀብረዋል። ነገር ግን ጢንዚዛ ያልደረሰበትን የመጀመሪያው ጎርፍ ወደ ምንጩ ይወስደዋል፤ የልጆች ተቅማጥም አብሮ ይገባል። ያን ዘመን ስናፍቅ ይህኛውን አልናፍቅም።

በላተኛ የሌለው ነገር መጀመሪያ የመጣው በራዲዮ ነው። ያለቀውን የባትሪ ድንጋይ ቀጥቅጠን ጥቁሩን ዱቄት አጥር ላይ እንጽፍበት ነበር፤ የሚጎዳ መሆኑን ማን ነግሮን። ቀጥሎ ፌስታል መጣ። እናቴ የመጀመሪያዎቹን አጥባ በአጥር ላይ ታሰጣቸው ነበር፤ እንግዳ ሲሄድ ማንጎ ሞልታ የምትሰጠው በእነሱ ነው። ከዚያ ብዛቱ ክብሩን አሳጣው። ከገበያው ጀርባ ያለው ቦይ በፌስታልና በሃይላንድ ተደፈነ፤ የታረደ ፍየል ሆድ ሲከፈት የተጠቀለለ ፌስታል መውጣቱ ማንንም አያስደንቅም። በ1999 የወጣው አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነውን ከልክሎ ነበር፤ በተግባር ግን ገበያውን የሞላው ያው ስሱ ነው። በ2017 ፓርላማው ፌስታልን ጭራሹን የሚያግድ አዋጅ አጸደቀ። ምስጥ ቢበሳው እንኳ ምግብ አያደርገውም፤ የአፈር መስመሩን በላዩ አሳልፎ ይሄዳል።

ከፌስታል ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የማይታየው ነው። መንጌና ኩርሙክ አካባቢ ወርቅ በውኃ እየታጠበ ሲለቀም ብዙ ዘመን ኖሯል፤ የሚሻው ጉልበትና ትዕግሥት ነው። አሁን ወደ ወርቁ ቦታ ሜርኩሪ ገብቷል። ወርቁን ከአሸዋው ይለቅምና በእሳት ሲነድ ይተናል፤ ቀሪው ወደ ጅረቱ ይወርዳል። ጭቃ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ከፋ መርዝ ይለውጡታል፤ ከእነሱ ወደ ትል፣ ከትሉ ወደ ትንሹ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲሻገር በየደረጃው እየተከማቸ ይሄዳል። ጃፓን ሚናማታ ላይ በ1948 ዓሣ የሚበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው አልታዘዝ ሲል ነው ነገሩ የታወቀው። አጥራችንን ወደ ወጥ ይመልስልን የነበረው መንገድ ይህንንም ሳያዛንፍ ያደርሳል።

ቀርከሃውም ሸሽቷል። ለእርሻ ተመነጠረ፣ ለማገዶ ተቆረጠ፣ ተቃጠለ፤ የቆላው ቀርከሃ ደግሞ በዘመኑ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ነውና፣ ዘሩ ሳይጠነክር እሳትና ከብት ከቀደሙት ያ ቦታ ሣር ሆኖ ይቀራል።

ወንድሜ በብሎኬትና በቆርቆሮ ሠርቷል፤ «ከምስጥ ተገላገልን» ይላል። እናቴ ከእሱ ጋር ናት። ክረምት ሲገባ እንጉዳይ እንዲገዛላት የልጅ ልጇን ትልከዋለች፤ ልጁ በፌስታል ይዞ ሲመጣ ደግሞ ትቆጣለች። «በዚህ አታምጣብኝ አላልኩህም? ያልበዋል፣ ሳይውል ይበላሻል። በቅርጫት ነው እንጂ!»

ልጁ ባለፈው ክረምት ቅርጫት ጠይቆ ተመለሰ። «እማማ፣ ቅርጫቱ ከእንጉዳዩ ይወደዳል» አላት።