የአይስላንድ ፊደል በነጋሪት ጋዜጣ

በየቤተ ዘመዱ አንድ «ኮምፒውተር የሚያውቅ» ሰው ይሾማል። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ሽረትም የለውም። በእኛ ቤት ዕጣው የወጣው ለእኔ ነው። ሥራዬ በአብዛኛው አልከፈትም ያለ ፋይል መክፈት ሲሆን፣ ሰዎች ፍላሻቸውን ሲያቀብሉኝ ምርመራውን ራሳቸው ጨርሰው ነው የሚመጡት። «ቫይረስ በልቶታል» ይሉኛል። በሽታው ከታወቀ ዘንድ ከእኔ የሚጠበቀው መድኃኒቱ ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ቫይረስ ጽሑፍ ሲበላ ብዙም አላየሁም። ደጋግሜ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ጽሑፉ አንድም ሳይጎድል በቦታው አለ፣ የጻፈው ፕሮግራም ግን ከዓለም ጠፍቷል።

ፋይል ማለት ስክሪኑ ላይ ያየነው ገጽ አይደለም። የቁጥር ሰልፍ ነው። ከሰልፈኞቹ ከፊሎቹ ፊደል ናቸው፤ የቀሩት «እዚህ አድምቅ፣ እዚያ አስምር፣ ይኼን አንቀጽ መሀል አድርገው» የሚሉ ትእዛዞች ናቸው። ትእዛዞቹ የሚገቡት ለጻፋቸው ፕሮግራም ነው። እሱ በሌለበት ፋይል መክፈት ማለት እንግዲህ ፊደሉን ከትእዛዙ ለይቶ ማውጣት ነው። ይህ ጣጣ ከየት እንደጀመረ ለማወቅ ወደ ኋላ ብሄድ ብሄድ የደረስኩት እስከ 1978 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ጥፋቱም መጀመሪያ የእነሱ ስለሆነ)።

በዚያ ዓመት ሲይሞር ሩቢንስታይን ያቋቋመው ማይክሮፕሮ የሚባል የካሊፎርኒያ ኩባንያ ወርድስታርን አወጣ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሮብ ባርናቢ ነበር። የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ አኃዞችና ነጥቦች በሙሉ አስኪ በሚባለው ሰንጠረዥ 128 ቁጥሮች ውስጥ ይጠቃለላሉ፤ ለዚህ 7 ቢት ይበቃል። ማሽኑ ግን አንድን ፊደል የሚያስቀምጠው በ8 ቢት፣ ማለትም በአንድ ባይት ነው። ስምንተኛዋ ሥራ ፈታ ተቀምጣለች። ወርድስታር ይህችን ሥራ ፈት አይቶ ዝም አላለም፤ በየቃሉ የመጨረሻ ፊደል ላይ እያበራ፣ መስመሩን ግራና ቀኝ ሲያስተካክል ቃሉ የት እንደሚያልቅ ማወቂያ አደረጋት። ብልህ ዘዴ ነበር። ፋይሉ ሌላ ፕሮግራም እጅ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ቃል ደህና ሲሄድ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ያብዳል። መድኃኒቱም የዚያኑ ያህል ቀላል ነው፤ ከ127 ከሚበልጠው ቁጥር ሁሉ ላይ 128 መቀነስ። በቃ። ጀማሪ ፕሮግራመር ከምሳ በፊት ጽፎ የሚጨርሰው ነገር ነው።

ወርድስታር ሞቷል ብዬ እንዳልቀብረው የሚያደርገኝ አንድ ሰው አለ። የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የሚጽፈው በዶስ ማሽን ላይ፣ በወርድስታር 4 እንደሆነ ራሱ በቴሌቪዥን ተናግሯል። የሚቀጥለው መጽሐፉ በመዘግየቱ ግን ወርድስታርን አልጠረጥርም።

ወርድፐርፌክት ቀጠለ። ይኼ የዩታዎቹ የአላን አሽተንና የብሩስ ባስቲያን ሥራ ነው። ከ5ኛው ዝርያ ጀምሮ ያሉት ፋይሎቹ የሚጀምሩት በ255 ሲሆን ወዲያው ደብልዩ፣ ፒ፣ ሲ የሚሉ ፊደላት ይከተላሉ። ስሙን የሚናገር ፋይል ደስ ይላል፤ ቢያንስ ማን ደጅ እንደቆምክ ታውቃለህ።

አስቸጋሪው የማይክሮሶፍት ወርድ ዶክ ነው። እሱም መግቢያው ላይ የተጻፈ መታወቂያ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች በአሥራ ስድስት ቤት ሲጻፉ፣ ዜሮውን እንደ ኦ፣ አንዶቹን እንደ አይና እንደ ኤል ላየ ሰው «ዶክፋይል» ብለው ይነበባሉ። የፕሮግራመሮች ቀልድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀልድ የለም። ጽሑፉ እንደተጻፈበት ቅደም ተከተል አልተቀመጠም፤ በቁርጥራጭ ተከማችቶ፣ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚነበብ የሚናገር ሰንጠረዥ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። በተለይ «ፋስት ሴቭ» በሚባለው አሠራር ወርድ ፋይሉን እንደገና ከመጻፍ ይልቅ አዲሱን ለውጥ መጨረሻ ላይ ይለጥፍ ነበር። የተሰረዘ ዓረፍተ ነገርም ከስክሪኑ ይጠፋል እንጂ ከፋይሉ አይወጣም። ስለዚህ ዶክን በተራ የጽሑፍ መክፈቻ የከፈተ ሰው ጸሐፊው ሊያሳየው የፈለገውን ብቻ ሳይሆን ሊደብቀው የፈለገውንም ሊያነብ ይችላል። ስለ አለቃው መጀመሪያ የጻፈውን፣ ከዚያ ተረጋግቶ የለወጠውን። በየካቲት 2003 የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ኢራቅ ያወጣው ዶሴ በወርድ ፋይልነቱ ሲመረመር፣ የመጨረሻዎቹን አሥር ጊዜያት ማን ማን ሴቭ እንዳደረገው የሚናገር መዝገብ በውስጡ ተገኝቷል። አብሮት ሊቀር ያልታሰበ መዝገብ ነበር።

የዶክን ውስጣዊ አሠራር ማይክሮሶፍት ለማንም ክፍት አድርጎ ያሳተመው በየካቲት 2008 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች ታዲያ እንዴት ከፈቱት? በትዕግሥት። አንዲት ፊደል ይጽፋሉ፣ ሴቭ ያደርጋሉ። ፊደሏን ያደምቃሉ፣ ሴቭ ያደርጋሉ። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው የትኛው ቁጥር እንደተለወጠ ያያሉ። አየርላንዳዊው ኬላን ማክናማራ የዶክ ማንበቢያውን በ1990ዎቹ ጽፎ፣ በኋላም ዛሬ ሊብሬኦፊስ የምንለው ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል። ሊብሬኦፊስ ራሱ ዘሩ ሲቆጠር ማርኮ በሪስ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት በ1985 በ16 ዓመቱ ከመሠረተው ስታር ዲቪዥን ይደርሳል፤ ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1999 ገዛው፣ በ2000 ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው። ዛሬ ማንም የማይሸጠውን፣ ማንም የማይጠግነውን የድሮ ፕሮግራም ፋይል በነፃ የሚከፍትልን እሱ ነው። እነዚህን ሰዎች አንድም ቀን በስማቸው አመስግነን አናውቅም። «ኧረ ተከፈተ!» ብለን እናልፋለን።

ከ2007 ወዲህ ያለው ዶክስ ደግሞ ምስጢሩ ቀሏል። የፋይሉን ስም መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይረው ቢከፍቱት ውስጡ ፎልደር ነው፤ ከፎልደሮቹ አንዱ ውስጥ ጽሑፉ ሰው ሊያነበው በሚችል መልክ ተቀምጧል። እያንዳንዱ የዶክስ ፋይል የሚጀምረው በፒ እና በኬ ነው። የፊል ካትዝ ስም መነሻ ናቸው፤ በ1989 የዚፕን አሠራር ያወጣው ሰው። የሞተው በ2000፣ በ37 ዓመቱ ነው። የዓለም የሥራ ማመልከቻ፣ የፍቅር ደብዳቤና የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ በእሱ ስም መጀመሩን ሳያይ።

እስከዚህ ያለው የፈረንጅ ችግር ነው፤ መፍትሔውም ተገኝቷል። የእኛ የሚጀምረው ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ ነው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ ጋሼ የምላቸው። የትውልድ አገራቸውን ታሪክ በ1990ዎቹ መጨረሻ ጽፈው፣ ፍርድ ቤት አጠገብ ካለ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አስተይበው፣ በፍሎፒ ይዘውት ነበር። ፍሎፒ ማንበቢያ ተፈልጎ ተገኘ። ፍሎፒውም፣ ለዕድሜው የሚያስመሰግን ነው፣ ተነበበ። ሊብሬኦፊስ ፋይሉን ያለ አንዳች ቅሬታ ከፈተው፤ አንቀጹ በቦታው፣ ርእሱ መሀል ላይ፣ ገጹ በቁጥሩ። ፊደሉ ብቻ የላቲን ዝብርቅርቅ።

«ምንድነው ይኼ?» አሉኝ ጋሼ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

«አማርኛ ነው፣ ጋሼ።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ!»

አማርኛ ነበር ግን። ጣጣው ከቁጥር ይጀምራል። 33ቱን ፊደላት በ7 ሲያበዙት 231 ይመጣል፤ ዲቃሎቹን፣ አኃዞቹንና ነጥቦቹን ሲጨምሩበት በአንድ ባይት ከሚገኙት 256 ቦታዎች ያልፋል፤ ከ256ቱም ቢሆን ሁሉም ለፊደል የሚለቀቁ አይደሉም። በዚያ ዘመን ደግሞ ዊንዶውስ የኢትዮጵያ ፊደል የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። የእኛ ሰዎች፣ አንዳንዶቹ በአሜሪካ ሆነው ገና በ1980ዎቹ፣ አዲስ አበባ ያሉትም ተከትለው፣ ማሽኑን ማታለያ ዘዴ አበጁ። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ቁጥር ነው፤ በፎንቱ ውስጥ ግን የላቲኑ ፊደል ሥዕል ወጥቶ የአማርኛው ገብቷል። አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለት ለሦስት ፎንት ከፋፈለ፤ አንዳንዱ ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ ሁለት ቁጥር አጋጥሞ አንድ ፊደል አወጣ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ዋሸራ፤ ሁሉም የየራሱ ሰንጠረዥ ነበረው። አንዱ ከአንዱ አይግባባም። ኩባንያ ለኩባንያ ተጠያይቆ አንድ ሰንጠረዥ ማውጣት ያን ያህል ይከብድ ነበር ወይ? እኔ እንጃ፤ ተፎካካሪዎች ነበሩ።

ውጤቱን ማየት የሚፈልግ የድሮ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ ይክፈት። ፒዲኤፍ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ስለሚዞር ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ከዚያ «ነጋሪት» የሚለውን ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ፔስት ያድርገው። ከብዙዎቹ እትሞች የሚወጣው ትንሿ ኤን፣ ትልቁ ዩ፣ የአንቀጽ ምልክትና ትልቁ ቲ ነው። «ኢትዮጵያ» ደግሞ በኤክስ ትጀምራለች፤ ሁለተኛዋ ቶርን የምትባል፣ ዛሬ አይስላንዶች የሚጽፉባት ፊደል ነች፤ ዮ የሒሳብ ማባዣ ምልክት ሆና መሀል ተቀምጣለች። አይስላንድ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። አዋጁን በኮምፒውተር የሚፈልግ ጠበቃ ግን «ነጋሪት» ብሎ ጽፎ «አልተገኘም» የሚል መልስ ሲያገኝ፣ ምክንያቱ ይኼው ነው።

እዚህ ላይ ነው የፈረንጁ መድኃኒት ለእኛ መርዝ የሚሆነው። የድሮ ፋይል አልነበብ ሲል የሚሰጠው የተለመደ ምክር «ጌጡን ሁሉ አራግፈህ ጥሬ ጽሑፉን ብቻ አስቀር» ነው። ለወርድስታር ይሠራል። በእኛ ፋይል ላይ ግን ከሚራገፈው ጌጥ መካከል የፎንቱ ስም አለ፤ ቁልፉ ደግሞ እሱ ነው። የፎንቱ ስም ከጠፋ የቱ ቁራጭ አማርኛ፣ የቱ ከልቡ እንግሊዝኛ እንደሆነ የሚለይ ነገር አይኖርም። ዩኤን ብሎ በላቲን የተጻፈ ምሕጻረ ቃል በዚያው በነጋሪቱ ሰንጠረዥ ቢያልፍ፣ ዩ ጋ ነች፣ ኤንም ን፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጋን ሆኖ ይወጣል። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል እንጂ እስከዚህ ድረስ አልነበረም።

ስለዚህ መንገዱ ሌላ ነው። ፋይሉን መጀመሪያ በሊብሬኦፊስ ከፍቶ ወደ ዶክስ ወይም ወደ አርቲኤፍ መቀየር፤ ሁለቱም ለእያንዳንዱ ቁራጭ ጽሑፍ የፎንቱን ስም ይይዛሉ። ከዚያ የአማርኛው ፎንት ስም ያለበትን ቁራጭ ብቻ እየመረጡ በሰንጠረዡ ማሳለፍ። ሲያሳልፉም ጥንዶቹን አስቀድሞ ነው። ዜ የምትጻፈው በዜድና በአንድ ምልክት ከሆነ፣ ዜድን ብቻዋን ቀድሞ ወደ ዘ የቀየረ ሰው ምልክቷን ባልቴት ያደርጋታል፤ «ጋዜጣ»ም ሆዱ ውስጥ እንግዳ ነገር ይዞ ይቀራል። ይህን ሁሉ ተጠንቅቀንም ቢሆን በጋሼ ጽሑፍ አንዳንድ አንቀጽ መነሻ ላይ ነ መሆን የነበረባት ን ሆና ተገኘች። የእኛ ሰንጠረዥ ጥፋት አልነበረም። ወርድ የሚተየበው እንግሊዝኛ ስለመሰለው አውቶኮሬክት በሚባለው አሠራሩ የመጀመሪያዋን ትንሽ ፊደል ትልቅ አድርጎ «አርሟት» ነበር፤ በእንግሊዝኛ ኤን ብታድግም ኤን ነች፣ በእኛ ፎንት ግን ሳድስ ትሆናለች። ስሕተቱ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ያለ ጠያቂ ተቀምጧል።

ፊደላችን ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ በ1999 ሲገባ ሀ 4608ን ያዘች፤ እሷን ተከትሎ ለእያንዳንዱ ፊደል የማንም ያልሆነ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ጽሕፈት ቤቶቹ ግን በዚያ ቀን አልተቀየሩም፤ እጅ የለመደውን ኪቦርድ በቀላሉ አይተውም።

የጋሼ መጽሐፍ ሲያልቅ ስልካቸው ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው። ወደ ላይ ወደ ታች አደረጉት፣ የአባታቸውን ስም ፈልገው አገኙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሳምንቱ ደወሉ።

«አየህ፣ ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን አልቀበልም አለኝ። እነሱ የሚሠሩት በድሮው ፎንት ነው አሉ። ወደ ነበረበት መልስልኝ።»

«ጋሼ፣ ያን ሁሉ የደከምነው እኮ…»

«ገብቶኛል፣ ልጄ። ለቅዳሜ ግን ይድረስልኝ።»

ሰንጠረዡ ወደ ኋላም ይሠራል፤ እንዲያውም ይቀላል፤ ዜን ወደ ሁለት ለመሰንጠቅ ቅደም ተከተል አያስጨንቅም። ዓርብ ማታ መለስኩት፤ አውቶኮሬክቱን አስቀድሜ አጥፍቼ።