ሲሼልስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄዱ፦ ከመነሳት በፊት መታወቅ ያለበት

ከዚህ ካምፕ ተነስተው አሜሪካ፣ ካናዳና አውስትራሊያ የገቡ ወገኖቻችን ሲደውሉ ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ከእናቴ ጋር የት ልገናኝ?» ይላሉ። ልጅ አገር ቤት መግባት አይችልም። እናት ደግሞ ልጇ ወዳለበት አገር ለመሄድ ቪዛ ብትጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚመለስላት «አይሆንም» ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥር አሥራ አምስት ዓመት በስልክ ብቻ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» ሲባባሉ የኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ለእነዚህ ሦስተኛ ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

ናይሮቢና ካምፓላ የተለመዱ ናቸው። አሁን አሁን ግን የሲሼልስ ስም እየተነሳ ነው። ዕረፍትም መገናኘትም በአንድ ቲኬት፣ ምን ይጠላል? እኛ በዚህ ጽሑፍ ጂኦግራፊ ስናስተምር ከምናውቀውና ሄደው የመጡት ከነገሩን አሰባስበን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የሚጠቅመውን ለማቅረብ እንሞክራለን።

አገሪቱ በአጭሩ

ሲሼልስ ከኬንያ በስተምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ከመቶ የሚበልጡ ደሴቶች ናት። ትልቁ ደሴት ማሄ ሲሆን ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያም እዚያው ናት። ሕዝቧ ከመቶ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ከእንግሊዝ ነፃ ወጣች። ክሪዮል፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ይነገርባታል፤ ስለዚህ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያለው ሰው አይቸገርም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1770 ሰው እስኪያሰፍሩባት ድረስ ቋሚ ነዋሪ አልነበራትም። የዛሬው ሕዝብ ከአፍሪካ፣ ከማዳጋስካር፣ ከአውሮፓ፣ ከሕንድና ከቻይና የመጡ ሰዎች ልጅ ልጅ ነው። «እኔ የጥንት ባለርስት ነኝ፣ አንተ መጤ ነህ» የሚባባሉበት አገር አይደለም ማለት ነው።

አንደኛ፦ ወረቀት

የሲሼልስ ትልቁ ነገር ቪዛ አለመጠየቋ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘም፣ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘም ያለ ቪዛ ይገባል። «ያለ ቪዛ» ሲባል ግን «ያለ ወረቀት» ማለት አይደለም። ማንኛውም መንገደኛ ከመነሳቱ በፊት የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት መሙላት አለበት። ፎርሙን በመንግሥቱ ገጽ ላይ ብቻ ሙሉ፤ ተመሳሳይ ገጽ ከፍተው እጥፍ የሚያስከፍሉ አሉ። ሲገቡም የመመለሻ ቲኬት፣ የምታርፉበት ቤት ማረጋገጫና ለቆይታው የሚበቃ ገንዘብ እንዳላችሁ ይጠየቃል። ያረፋችሁበት ቤት ፈቃድ ያለው ይሁን፤ ትናንሽ የእንግዳ ማረፊያዎችም ፈቃድ አላቸው፣ ከሆቴልም ይረክሳሉ።

ፎርም ሲሞላ ሁለት ነገር ይምታታል። አንዱ ስም ነው። በፓስፖርቱ ላይ የእናት ስም ከነአባቷና ከነአያቷ እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ገልብጡ። ሁለተኛው ቀን ነው። እማማ የተወለዱበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ይነግሯችኋል፤ እናንተ ግን ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ጻፉ። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ቲኬቱ ላይ 8፡30 የሚለውን በእኛ ሰዓት ቆጥረው አውሮፕላን የሚያመልጣቸው አሉ። 8፡30 ጠዋት ማለት በእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑን በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩላቸው።

ከኢትዮጵያም ሆነ ከኬንያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልገዋል። ክትባቱ ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከዚህ በፊት የተከተበ ሰው ግን ካርዱ ካልጠፋበት ድጋሚ አይወጋም፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሲሼልስ ውስጥ ወባ የለም፤ የእናንተን ካርድ የሚጠይቁት በሽታው እንዳይገባባቸው ነው።

ሁለተኛ፦ ገና ዜግነት ላላገኙ

ይሄን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ዜግነት አግኝቶ ፓስፖርት የያዘ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። የስደተኛ ትራቭል ዶክመንት የያዘ ሰው ግን «ሲሼልስ ቪዛ አትጠይቅም» ሲባል ስለ ሰማ ብቻ ቲኬት መቁረጥ የለበትም። መጀመሪያ የጉዞ ፈቃዱን ይጠይቅ፣ አየር መንገዱ ሰነዱን እንደሚቀበል ያረጋግጥ፣ የሚያቋርጥበት አገርም ፈቃድ ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቅ። ገንዘብ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ዶክመንቱን የምታመለክቱት ገና እዚያው ሳላችሁ ነው፤ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለውም ለአንድ ዓመት ነው። መውጣት አንድ ነገር ነው፣ ተመልሶ መግባት ሌላ። ሕጉ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት የሕግ አዋቂ ጠይቁ።

ሌላው የመንገድ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ማሄ ይበራል፤ ለእናት ከዚህ የተሻለ የለም። ልጅ ግን «ትራንዚት ነው፣ ከኤርፖርት አልወጣም» ብሎ በቦሌ እንዳያልፍ እንመክራለን። በረራ ቢዘገይና ማደር ቢመጣ መንገደኛው ወደ ሆቴል የሚወጣው በኢሚግሬሽን በኩል ነው። ያኔ ሰነዱን ለሸሸው መንግሥት በገዛ እጁ አቀረበ ማለት ነው። በብዙዎቹ የስደተኛ ሰነዶች ላይ «ከትውልድ አገር በስተቀር» የሚል ቃል አለ። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነትም አንድ ሰው በፈቃዱ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ ከተመለሰ ስደተኝነቱ ሊቋረጥ እንደሚችል ይናገራል። አንድ ሌሊት ያን ሁሉ ዓመት ባያበላሽ እንኳ ጥያቄ ያስነሳል። ስለዚህ ልጅ በናይሮቢ ወይም በዱባይና በዶሃ በኩል ይምጣ፣ እናት በቦሌ ትምጣ፣ ማሄ ላይ ተገናኙ። ልጅ ቀድሞ ቢደርስ ይሻላል፤ እማማ ከአውሮፕላን ሲወርዱ የሚያውቁት ፊት ይጠብቃቸው።

ሦስተኛ፦ ሻንጣ

የአበሻ እናት ባዶ እጇን አትሄድም። ቅቤው፣ ቋንጣው፣ ድርቆሹ፣ ሽሮው፣ በርበሬው ሁሉ ይታሰራል። ሲሼልስ ግን ደሴት ናት፤ ከውጭ የሚገባ ተባይና የከብት በሽታ ያሰጋታል። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ያለ ፈቃድ ሊወሰድ ይችላል፤ ዘርና ተክልም እንደዚሁ። ቅቤውና ቋንጣው ይቅር። ሽሮና በርበሬ የያዘ ሰው ደግሞ ደብቆ ከመያዝ በፎርሙ ላይ ማስመዝገብ ይሻለዋል፤ ቢወሰድ እንኳ ያለ ቅጣት ይወሰዳል። የተቆላ ቡና ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ነገር ግን በተከራያችሁበት ቤት ውስጥ ከሰልና ዕጣን ከማጨሳችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ጫት አይታሰብ፤ በብዙ አገር የተከለከለ ነው። የሰው ዕቃም «አድርስልኝ» ቢሏችሁ አትቀበሉ።

የኤሌክትሪክ ሶኬቱ እንደ ኬንያው ባለ ሦስት እግር ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቻርጀር ማገናኛ ያስፈልገዋል። ልብስ ስስ ጥጥ ይሁን። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ከ24 እስከ 32 ዲግሪ ነው፤ ይሄ ለእኛ ለካምፕ ሰዎች ምንም አይደለም፣ ግን የዚያኛው ሙቀት እርጥብ ነው፤ ላብ አይደርቅም። ነጠላ ለጥላም ለቤተ ክርስቲያንም ይሆናል። ሰዓታቸው ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ በአንድ ሰዓት ይቀድማል።

አራተኛ፦ ባሕሩ

አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን፤ የምናውቀው ውሃ የወንዝ ውሃ ነው። ባሕር ሌላ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይነፍሳል። ነፋሱ የሚመታው ዳርቻ ማዕበሉ ኃይለኛ ነው፣ ሌላኛው ወገን ጸጥ ይላል። ለምሳሌ በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ጊዜ በሰሜን ምዕራብ ማሄ ያለው ቦ ቫሎን ጸጥ ያለ ሲሆን በደቡብ ያለው ኣንስ ኢንታንዳንስ ግን አደገኛ ነው። ስለዚህ የፎቶውን ውበት አይታችሁ አትግቡ፤ የሠፈሩን ሰው ጠይቁ፣ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ካለ አንብቡ። ዋና የማይችል ሰው ከጉልበት በላይ አይግባ። ውሃ ወደ ውስጥ ቢጎትታችሁ ወደ ዳር በቀጥታ ለመመለስ አትታገሉ፤ ጉልበት ይጨርሳል። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፣ መጎተቱ ሲላላ ያኔ ተመለሱ፣ እጅ አውጥታችሁም ተጣሩ።

ኮራል እግር ይቆርጣል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም፤ የላስቲክ ጫማ አድርጉ። ፀሐዩም ቀልድ አይደለም፤ ማሄ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ላይ ናት። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚባለው ውሸት ነው። ቀትር ላይ ከዛፍ ሥር ሁኑ።

አምስተኛ፦ ኪስ

ደብቀን አናልፍም፣ ሲሼልስ ውድ አገር ናት። የሚበላው አብዛኛው በመርከብ የሚገባ ነው። ግን መላ አለው። ዳርቻው የሕዝብ ነው፤ ለመታጠብ የሆቴል እንግዳ መሆን አያስፈልግም። ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ያዙ፤ እማማም ሥራ ፈትተው መቀመጥ አይወዱም። ዓሣና አትክልት ከቪክቶሪያ ገበያ ጠዋት ግዙ። በታክሲ ፋንታ በሕዝብ አውቶቡስ ሂዱ፤ ከቪክቶሪያ ተነስቶ ማሄን ያዳርሳል። ሐምሌ፣ ነሐሴና የፈረንጅ ገና ዋጋው ይንራል፤ ሚያዝያና ጥቅምት ግድም ይቀላል፣ ባሕሩም ይረጋጋል። የጾም ሰሞን ከሆነ ሩዝ፣ ምስርና የዳቦ ፍሬ የሚባለው አለላችሁ። የዳቦ ፍሬ የበላ ሰው ተመልሶ ይመጣል ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ሥጋ ስታዝዙ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ የሌሊት ወፍ ወጥ እንደ ክብር ምግብ ይቀርባል!

ከባሕሩ ሌላ

ከማሄ ወደ ፕራሊን በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጀልባው ይነቀንቃል፤ እናቶች ቀለል ያለ ነገር በልተው ወደ ኋላ ይቀመጡ። ፕራሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባለው ጫካ እ.ኤ.አ. በ1983 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዓለማችን ከባዱ ዘር፣ እስከ 25 ኪሎ የሚደርሰው ኮኮ ደ ሜር የሚበቅለው እዚያ ነው። ለማስታወሻ ብላችሁ ያለ ፈቃድ ይዛችሁ እንዳትወጡ።

ለእኛ ለስደተኞች ግን የሚነገር ሌላ ታሪክ አላት። እንግሊዞች ያልታዘዟቸውን ነገሥታት የሚያግዙት ወደ ሲሼልስ ነበር። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1924 እዚያ ኖረዋል፤ አብረዋቸው የተጋዙት እናታቸው እዚያው አረፉ። የቡጋንዳው ሙዋንጋ እ.ኤ.አ. በ1903 እዚያው ሞቱ። የቡንዮሮው ካባሌጋ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1923 ቢፈቱም ቤታቸው ሳይደርሱ ጂንጃ ላይ አረፉ። በማሄ ተራራ ላይ ሳን ሱሲ በሚባለው ሥፍራ ደግሞ የአንድ ትምህርት ቤት ፍርስራሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1876 የተከፈተ ሲሆን የተማሩበትም ከባሪያ ነጋዴ መርከብ ነፃ ወጥተው ደሴቲቱ ላይ የተራገፉ አፍሪካውያን ልጆች ነበሩ። አገራቸው የማይመለሱ ልጆች ፊደል የቆጠሩበት ቦታ ነው። እኛ አስተማሪዎች ብንሄድ ከባሕሩ በፊት የምናየው ይሄንን ነው።

በካምፑ ላለን

«ቪዛ የማትጠይቅ አገር» የሚለው ወሬ ደላላ ጆሮ ከደረሰ ምን እንደሚመጣ እናውቃለን። «ሲሼልስ ላስገባህ፣ ከዚያ አውሮፓ ቀላል ነው» የሚል ቢመጣ አትስሙት። ሲሼልስ በውቅያኖስ መካከል ናት፤ ከዚያ ወደ አውሮፓ የሚሄድ የእግር መንገድ የለም። የመመለሻ ቲኬትና ትክክለኛ ሰነድ የሌለውን በመጣበት አውሮፕላን ይመልሱታል፣ የከፈለው ገንዘብ ግን አይመለስም። እኛ ከካምፑ ለመውጣት የመንቀሳቀሻ ፈቃድ፣ ከኬንያ ለመውጣት ደግሞ ትራቭል ዶክመንት እንደሚያስፈልገን አንዘንጋ። ዶክመንቱን በሕጉ መንገድ ያመልክት ያለ ያመልክት፤ የእህቱን ቀለበት ሸጦ ለደላላ የሚሰጥ ግን አይኑር።

ውጭ ላላችሁ አንድ ነገር እንጨምር። እናትን ለማግኘት ስታቅዱ እዚህ የቀረውን ወንድም አትርሱት። መምጣት ባይችል እንኳ ቀኑንና ሰዓቱን ንገሩት፣ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሄዶ ይጠብቅ፣ በቪዲዮ ደውሉለት። ሥራውንም ዛሬ ጀምሩ። መጀመሪያ የእማማን ፓስፖርት አውጡ፣ ወረፋው ጊዜ ይፈጃል። ቀጥሎ የራሳችሁን ሰነድ፣ ቀጥሎ ክትባት፣ ቀጥሎ የጉዞ ፈቃድ፣ ቲኬት በመጨረሻ። እናት እንደሆነች ዕድሜ አትጠብቅም።

ቸር ያገናኛችሁ!