በሽታውን የደበቀ ሄሊኮፕተር

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ዓይናችሁ በጨርቅ ታስሮ አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጣችኋል። መንገዱ አስፋልት ከሆነ መኪናው ሲታጠፍ፣ ዳገት ሲወጣ፣ ፍሬን ሲይዝ ሰውነታችሁ ይነግራችኋል። ኮረኮንች ላይ ሲገባ ግን ሁሉም ይምታታል። ታጠፈ? ዘለለ? ወረደ? ጥርሳችሁ እየተንገጫገጨ መገመት ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

በሪሞት የሚበር ሄሊኮፕተር ላይ ያለው ፍላይት ኮንትሮለርም እንደዚሁ ነው። ዓይን የለውም። ውስጡ ጃይሮስኮፕና አክስለሮሜትር አለ፤ አንዱ መዞርን፣ ሌላው የፍጥነት ለውጥን ይለካል። ንዝረት ሲበዛበት እውነተኛውን እንቅስቃሴ ከመንቀጥቀጡ መለየት ያቅተዋል። ክፋቱ ደግሞ እኛ ብንሆን "አላወቅኩም" እንላለን፤ እሱ ግን የተሳሳተውን አምኖ ያዛል።

እኔ እንደምታውቁኝ በዲፕሎማ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ሄሊኮፕተር አላበርም። ዳላስ የሚኖር የድሮ ተማሪዬ ግን ያገለገለ ሄሊኮፕተር ገዝቶ፣ አርዱፓይለት የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጭኖበት፣ ሰሞኑን በቴሌግራም ስንከራከር ሰነበትን። ፈቅዶልኝ ነው የምጽፈው፤ ስሙን ተዉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍታውን ራሱ እንዲጠብቅ ሲያዘው ሄሊኮፕተሩ ማንም ሳይነካው ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ልጁ ቶሎ ብሎ በእጅ ወደሚነዳበት ሞድ መልሶ አሳረፈው። የበረራ መዝገቡን ላከልኝ። ቁመት ላይ ያለው ንዝረት 48 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ነው። የሶፍትዌሩ መመሪያ ከ30 በላይ ችግር ሊያመጣ ይችላል፣ ከ60 በላይ ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ችግር ያመጣል ይላል። ከፍታ የሚሰላው የአየር ግፊትንና አክስለሮሜትሩን አንድ ላይ አድርጎ ስለሆነ፣ አክስለሮሜትሩ ሲዋሽ "እየወረድኩ ነው" ብሎ አምኖ ሽቅብ ይወጣል።

ልጁ ምን አደረገ? ኮንትሮለሩን አንስቶ ከስሩ ወፍራም ስፖንጅ አደረገበት። ንዝረቱ 22 ገባ። "ቲቸር፣ አለቀ! እሁድ ልጄን ይዤ ሜዳ እሄዳለሁ" አለኝ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው።

"አትሂድ" አልኩት። ተቀየመኝ።

ለምን እንዳልኩት ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የወረደው ኮንትሮለሩ የሚሰማው ንዝረት እንጂ የሄሊኮፕተሩ ንዝረት አይደለም። ሌባው ቤት ውስጥ እያለ የሚጮኸውን ውሻ አፉን እንደመያዝ ነው። መንቀጥቀጡ ብሎን ማላላቱን፣ ኩሽኔታ መብላቱን፣ ሽቦ መፈልቀቁን አላቆመም። የዚህ ሄሊኮፕተር ሮተር ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.35 ሜትር ነው፤ በደቂቃ 1,800 ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፍ በሰዓት ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። የክንፍ ማሰሪያ ቢላላ አጠገቡ የቆመው ማን እንደሆነ አስቡት።

ሁለተኛ፣ ስፖንጅ ሲለሰልስ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። ክፍል ውስጥ ስለ ሬዞናንስ ስናወራ "ይሄ ምን ይጠቅመናል?" ስትሉኝ የነበራችሁ፣ መልሱ ይኸው። 1,800 ዙር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 30 ነው። ስፖንጁና ኮንትሮለሩ አንድ ላይ የራሳቸው የመወዛወዝ ፍሪኩዌንሲ አላቸው። እሱ 30 አካባቢ ከሆነ ስፖንጁ ንዝረቱን ከመቀነስ ይልቅ ያበዛዋል። መቀነስ የሚጀምረው የሚመጣው ንዝረት ከራሱ ፍሪኩዌንሲ 1.4 እጥፍ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ለ30 የስፖንጁ ከ21 በታች መሆን አለበት። በጣም ከለሰለሰ ደግሞ ኮንትሮለሩ ከሄሊኮፕተሩ ኋላ እየቀረ ይከተላል፤ እርማቱም ዘግይቶ ይደርሳል። የልጁ ሄሊኮፕተር ስፖንጁ ከገባለት በኋላ ጭራው ግራ ቀኝ መወዛወዝ የጀመረው በዚህ ነው።

ኩርፊያው ሁለት ቀን ቆየ። ከዚያ "እሺ፣ ምን ላድርግ?" አለኝ። አንድ በአንድ አልኩት። መጀመሪያ የዋናውንም የጭራውንም ክንፎች አውልቀህ ቀስ ብለህ አስነሳው። ያኔም ከተንቀጠቀጠ ችግሩ ሞተሩ፣ ጥርሱ ወይ ዋናው ሻፍት ነው። ሰላም ከሆነ የጭራውን ክንፎች ብቻ መልስ። በመጨረሻ ዋናዎቹን፣ ያውም ርቀህ ቆመህ። ሁለት ነገር በአንዴ አትቀይር።

ችግሩ የመጣው ዋናዎቹ ክንፎች ሲገቡ ነው። ሚዛን ላይ ሲያወጣቸው የአንድ ግራም ልዩነት አላቸው። አንድ ግራም ምን አላት እንዳትሉ፤ ከመሃል 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ብትቀመጥ በዚያ ፍጥነት 14 ኒውተን ገደማ ትጎትታለች። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ እንደማለት ነው፤ እሱም በሴኮንድ 30 ጊዜ አቅጣጫው እየዞረ! በሮተሩ ራስ ውስጥ ሁለቱን ክንፎች የሚያያይዘውን ቀጭን ሻፍት ደግሞ አውጥቶ መስታወት ላይ ሲያንከባልለው ዘለል ዘለል አለ። ተጣሟል። ምናልባት ከድሮው ባለቤት ጋር ወድቆ ይሆናል።

ሻፍቱን ቀየረ፤ በቀላሉ ክንፍ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፎ ሚዛናቸውን አስተካከለ። ወፍራሙን ስፖንጅ ጥሎ በሁለት በኩል የሚያጣብቅ ስስ ፕላስተር፣ በላዩ ትንሽ የብረት ሳህን፣ በላዩ ሌላ ስስ ፕላስተር፣ ከዚያ ኮንትሮለሩን አደረገ። ብረቱ ክብደት ስለሚጨምር ፍሪኩዌንሲውን ያወርዳል፤ ስፖንጁን ማለስለስ ሳያስፈልግ። ቦታውም ከሚተጣጠፈው ስስ ሳህን ወደ ጠንካራው ፍሬም፣ ወደ ዋናው ሻፍት አጠገብ ተዛወረ። ሽቦዎቹንም ላላ አድርጎ አሰራቸው፤ የተወጠረ ሽቦ ስፖንጁን ዘሎ ንዝረቱን በቀጥታ ያደርሳልና። ንዝረቱ 11 ሆነ፤ ጭራውም አደብ ገዛ።

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ስፖንጅ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፤ ጤነኛ ሄሊኮፕተርም ይንቀጠቀጣል። ግን ስፖንጅ የመጨረሻው ሥራ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽናችሁ እየዘለለ ከቦታው ሲሄድ ከስሩ ጨርቅ ከማንጠፋችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ልብሱ አንድ ጎን ተሰብስቦ እንደሆነ እዩ። ሄሊኮፕተር ያላችሁ ደግሞ፣ ለዛሬ ስፖንጁን ተዉትና ሻፍቱን መስታወት ላይ አንከባሉት። ያገኛችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።